አውጉስት ቮለር፤ የብረትን ድካም የቆጠረው ሰው

መምህራችን የሰጡን ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው። ስሙ የታወቀ፣ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ሰው መርጠን ሕይወቱን በራሳችን አንደበት እንድንተርክ፤ ጥቅስ የሚባል ነገር ግን አንድም እንዳናስገባ። ክፍሉ ወዲያው ተሻማ። ዐፄ ቴዎድሮስን አራት ሰው ያዛቸው፣ እቴጌ ጣይቱን ሦስት፣ አበበ ቢቂላን ሁለት። የእኔ ተራ ደርሶ አውጉስት ቮለር ስል ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ የጀርመን ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ነው ወይ ብሎ ጠየቀና ሳቅ ሆነ።

አይደለም፤ ኳስ ተጫዋቹ ሌላ ነው። የእኔ ሰው የባቡር ሰው ነው። የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ስሙን በአንድ ሥዕል ላይ ያገኘዋል፤ ከምሕንድስናው ሕንፃ ወጥቶ የእኛ ክፍል ሲደርስ ግን እንግዳ ይሆናል። (ከመጀመሬ በፊት፦ የውጭው ታሪክ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

እኔም ስሙን ያገኘሁት በዶርም ጓደኛዬ ምክንያት ነው። እሱ ሜካኒካል ያጠናል። ባለፈው ሴሚስተር ለሴሚናር የደረሰው ርዕስ፣ ወደ አማርኛ ልመልሰው ካልኩ፣ በከባድ ኃይል ተደፍጥጠው ቅንጣታቸው እጅግ እንዲደቅ የተደረጉ የቲታኒየም ላሜራዎች በተደጋጋሚ ጭነት ሥር እንዴት እንደሚደክሙ ነበር። ሌሊት ሌሊት ለብቻው እየተለማመደ እንቅልፍ ሲነሳን ከረመ። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ሥዕል አየሁ፤ ከላይ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድና ወደ መጨረሻው የሚጋደም መስመር። ይሄ ምንድነው ብለው ቮለር ነው አለኝ። ብረት ደግሞ ይደክማል እንዴ ብዬ ሳቅሁበት። ምንም ሳይመልስ የልብስ መስቀያ ሽቦ አነሳና አንድ ቦታ ላይ ያጥፈው፣ ይዘረጋው ጀመር። ስምንተኛው ላይ ቀጭ አለ። በአንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው በሁለት እጁ የማይበጥሰው ሽቦ ነው።

እኔ ግን ያየሁት ሽቦውን አልነበረም። ጣርማ በር፣ አጎቴ ደጃፍ ላይ በር መደገፊያ ሆኖ የተቀመጠው ብረት ነው ትዝ ያለኝ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ብርዱን፣ ጉሙን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩትን ጭላዳዎች፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የቆፈሩትን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ማን ይረሳል? ከዋሻው እንደወጡ መሬት ያለቀ ይመስላል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ቆሎ ሻጮቹ ይወርዳል። ለእኛ ለአካባቢው ልጆች የመኪና ትምህርት ቤታችን ያ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ሽታ፣ የተቃጠለ ፍሪሲዮን፣ የተሰበረ ባሌስትራ በሽታውና በድምፁ እንለያለን።

አጎቴ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ከሃያ ዓመት በላይ አሽከርክረዋል። በ2010 ዓ.ም.፣ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሲሚንቶ ጭነው ዋሻውን አለፉና ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቆም አሉ። ረዳታቸው ታኮ ይዞ ወረደ። መኪናው እንደገና ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር የተሳቢው የግራ አክስል ጫፍ ከነጎማው ተቆርጦ ወደቀ። ተሳቢው አጋደለ፤ ከረጢቱ ረዳቱ እግር ላይ ወረደ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን እንደነበረው አልሆነም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከአደጋው የባሰ ነበር ማለት እችላለሁ። ባለንብረቱ፣ ሹፌሩ ለራሱ ጥቅም ከወረቀቱ በላይ ደርቦ ጭኖ ነው አክስሉን የሰበረው ብሎ የመጨረሻ ደመወዛቸውን ያዘ። አጎቴ የዚያን ቀን አንድ ኩንታል እንኳ አልደረብኩም አሉ። ረዳቱ የባለንብረቱን ቃል አመነ፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ሲደርቡ በዓይኑ አይቷል። ሁለቱ በአንድ ሠፈር ለቅሶ ላይ ቢገናኙ እንኳ ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። አጎቴ የተቆረጠውን ብረት ወደ ቤት አመጡት፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ብረቱን ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ደባብሼዋለሁ። የተቆረጠበት ፊት ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ቢባል ያስኬዳል፣ ልሙጥና ጠቆር ያለ ሆኖ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተከታታይ ቅስት መስመሮች አሉት። በአንድ ጥግ የቀረው ግን እንደ ተሰበረ ስኳር ሻካራ ነው፣ ያን ሰሞን ደግሞ ያብረቀርቅ ነበር። አንድ ብረት በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ለምን ሁለት ፊት እንደሚኖረው አልገባኝም ነበር። የገባኝ የቮለርን ሕይወት ለማንበብ ስቀመጥ ነው።

መጀመሪያ ግን ስቼ ነበር፤ ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ጓደኛዬ ይስቅብኛል። ስሙን ፈልጌ ያገኘሁት ፍሪድሪክ ቮለር የተባለውን ኬሚስት ሆነ። በ1828 ዩሪያን በቤተ ሙከራ የሠራው፣ በአልሙኒየምም በቲታኒየምም ላይ የተመራመረው ማለት ነው። ቲታኒየም የሚል ቃል ሳይ ደስ ብሎኝ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ ሰዎቹ ሌላና ሌላ ናቸው። ሁለቱ ገጾች ለቅርጫት ሆኑ።

አውጉስት ቮለር የተወለደው በሰኔ 1819 በሃኖቨር መንግሥት ዞልታው በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የሠፈሩ መምህር ነበሩ። ልጁ በሒሳብ ጎበዝ ስለነበረ ድጋፍ አግኝቶ ሃኖቨር ከተማ በሚገኘው የከፍተኛ ሙያ ትምህርት ቤት ተማረ። ትምህርቱን ሲጨርስ ጊዜው የባቡር ጊዜ ነበር። በጀርመን ምድር የመጀመሪያው ባቡር ከሄደ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ብረት የሚያውቅ ወጣት ሁሉ ወደዚያ ይሮጥ ነበር። ቮለርም በርሊን በሚገኘው የቦርሲግ ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ገብቶ ሠራ። ከዚያ ወደ ቤልጂየም ሄዶ ባቡር መንዳት ተማረና በ1843 ወደ ሃኖቨር ተመልሶ የአዲሱ መስመር ሹፌር ሆነ።

ሹፌር! እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሊቅ ሲባል ከወንበር ያልተነሳ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ይሄ ሰው መሪ ጨብጧል፣ ከሰል ሸቷል፣ ከእግሩ ሥር ብረት ሲንቀጠቀጥ ሰምቷል።

እሱ መንዳት ሊማር ሲዘጋጅ አውሮፓ በአንድ አደጋ ደንግጣ ነበር። በግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰበረ። የኋላ ሰረገሎች እየተደራረቡ ወጡ፣ እሳት ተነሳ። በዚያ ዘመን ተሳፋሪው እንዳይወርድ በሩ ከውጭ ይቆለፍ ስለነበረ ከሃምሳ በላይ ሰው አለቀ። ደቡብ ዋልታ አካባቢ ድረስ መርከብ የነዳው አሳሽ ዲሞን ዱርቪል ከነሚስቱና ከነልጁ የሞተው በዚህ ባቡር ላይ ነው። ያ ሁሉ ባሕር ያልገደለው ሰው በአንድ አክስል ሞተ።

ጥያቄው ታዲያ ይህ ነበር። አክስሉ ሲሠራ ጠንካራ ነበር። ዓመታት ሙሉ ያንኑ ጭነት ተሸክሟል። የዚያን ቀን ከወትሮው የተለየ ነገር አልተጫነበትም። ለምን ተሰበረ? ብዙ መሐንዲሶች ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ባሕርዩን ቀይሮ ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ የስብራቱ ፊት ላይ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ነገር አሳስቷቸው ነው። ስኮትላንዳዊው ራንኪን በ1843 ስብራቱ ከመታጠፊያ ጥግ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አሳይቶ ነበር። እዚያው በቮለር አገር በሃኖቨር ደግሞ ዊልሄልም አልበርት የተባለ የማዕድን ሹም የጉድጓድ ሰንሰለቶችን በተደጋጋሚ እየጫነና እያወረደ ፈትኖ ውጤቱን በ1837 አሳትሟል። ቢሆንም ስንት ጭነት፣ ስንት ጊዜ ለሚለው ቁጥር ያለው ሰው አልነበረም።

ቮለር በ1847 የታችኛው ሲሌዥያና ማርክ የባቡር መሥሪያ ቤት የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆኖ ኦደር ወንዝ ዳር ባለችው ፍራንክፈርት ተቀመጠ። (ትልቋ ፍራንክፈርት ሌላ ናት፤ እዚህም ልሳሳት ነበር።) እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ሎኮሞቲቩም፣ ሰረገላውም፣ ጥገናውም በእሱ እጅ ነው። በ1850ዎቹ የፕራሻ መንግሥት የአክስሎችን ጉዳይ እንዲመረምር አደራ ሰጠው።

የሠራውን ሥራ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ለጋዜጠኛም ይሆናል። መጀመሪያ ንድፈ ሐሳብ አልጻፈም። መጀመሪያ አክስሉን ጠየቀው። ከሰረገላው ሥር መለኪያ አሰረና ባቡሩ በእውነተኛው ሐዲድ ላይ በሚሄድበት ጊዜ አክስሉ ምን ያህል እንደሚጎብጥ በመርፌ እንዲጫርለት አደረገ። በየጉዞው ትልቁን ጭረት እየለካ አክስሉ በሥራ ላይ የሚደርስበትን ኃይል አወቀ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ ያንን ኃይል የሚደግም ማሽን የሠራው።

ማሽኑ ቀላል ነው። አንድ ዘንግ ይሽከረከራል፤ ጫፉ ላይ ስፕሪንግ ቁልቁል ይጎትተዋል። ዘንጉ ሲጎብጥ የላይኛው ጎኑ ይለጠጣል፣ የታችኛው ይታመቃል። ግማሽ ዙር ሲዞር የተለጠጠው ይታመቃል፣ የታመቀው ይለጠጣል። ጓደኛዬ በሽቦው ያደረገው ማለት ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ማጠፉ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሳ በዓይን አይታይም። ቮለር ስፕሪንጉን እያጠበቀና እያላላ ዘንጉ እስኪሰበር ዙሩን ይቆጥራል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ፤ ጽሑፌን የጻፍኩት ለእነሱ ስል ነውና። የዚያ ዘመን ጀርመኖች ክብደት የሚለኩበት ዘንትነር 50 ኪሎ ነው። ሁለቱ አንድ ኩንታል ይሆናሉ! ስለዚህ የቮለር ሠንጠረዥ ለጣርማ በር ሰው ያለ ብዙ ድካም ይተረጎማል። ከአንድ ፋብሪካ በመጣ የአክስል ብረት ላይ የሞከረው እንዲህ ነው። በዘንጉ ጠርዝ ላይ በአንድ ካሬ ኢንች (የፕራሻ ኢንች ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ያልፋል) 160 ኩንታል ሲያርፍበት ብረቱ በ56,430 ዙር ተሰበረ። ጭነቱ ወደ 130 ኩንታል ሲቀንስ 479,490 ዙር ቆየ። በ110 ኩንታል 3,632,588 ዙር። በ90 ኩንታል 19,186,791 ዙር። 80 ኩንታል ላይ ሲደርስ ግን 132,250,000 ዙር ዞሮ አልተሰበረም።

ይሄን የመጨረሻውን ቁጥር እስቲ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። የዚያ ዘመን ማሽን ቀርፋፋ ነው፤ ይህን ያህል ዙር ለመቁጠር ዓመታት ይፈጃል። አንድ ሰው ሌላ ሥራውን እየሠራ፣ በአንድ ጥግ አንድ ዘንግ ሌት ተቀን ሲዞር፣ ይሰበር ይሆን እያለ ዓመታት ሙሉ ሲጠብቅ ይታየኛል። አልተሰበረም። ለእኔ የቮለር ትልቅነት የተሰበሩትን ከመቁጠሩ ይልቅ ያልተሰበረውን ያን ያህል መጠበቁ ነው።

ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ሳይሆን በሺዎች እጥፍ እንደሚጨምር ልብ በሉ። ከዚያም ከሆነ ልክ በታች ብረቱ ከነጭራሹ የማይደክም ይመስላል። ዶርማችን ግድግዳ ላይ ያለው መስመር መጨረሻው ላይ የሚጋደመው ለዚህ ነው። ሌሎችም ነገሮች አገኘ። ብረትን የሚያደክመው ትልቁ ጭነት ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ ጭነት መካከል ያለው ስፋት ነው። ዘንግ ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት በሚለወጥበት ጥግ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይሰበራል፤ ጥጉ በቶርኖ ክብ ተደርጎ ቢሞረድ ዕድሜው ይረዝማል። አጎቴ ብረት የተቆረጠው የት ነው? ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት ትከሻ ላይ፣ ልክ ከጥጉ።

ውጤቶቹን ከ1858 እስከ 1870 በተከታታይ አሳተመ፤ በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ቀርበዋል። የሚገርመው ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መስመር እሱ አልሳለውም። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ብቻ ነው የተወው። መስመሩን የሳሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ሽፓንገንበርግ የተባለ ተከታዩ ጀመረው፣ በ1910 ደግሞ ባስኪን የተባለ አሜሪካዊ በሎጋሪዝም አስተካከለው። ሰው ያልሳለው ሥዕል በስሙ ሲጠራለት ማየት ይከብዳል፤ ቢሆንም ሥዕሉ ላይ ያሉት ነጥቦች የሱ ናቸው።

ከ1870–71ዱ የፈረንሳይና የፕራሻ ጦርነት በኋላ አልዛስና ሎሬን ወደ ጀርመን ሲዞሩ ቮለር ወደ ሽትራስቡርግ ሄዶ የዚያ ባቡር አስተዳደር ኃላፊዎች ውስጥ ገባ። በዚህ ዘመኑ የተሟገተው በአብዛኛው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ብረትና ፌሮ ከመሸጡ በፊት በመንግሥት የፍተሻ ተቋም እንዲፈተንና ደረጃ እንዲወጣለት። አምራቾቹ እንዳልወደዱት መገመት አያቅትም። በ1889 ጡረታ ወጣና ወደ ሃኖቨር ተመለሰ። በ1901 የበርሊን ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በመጋቢት 21 ቀን 1914፣ በ94 ዓመቱ አረፈ። የጅቡቲው ባቡር ያኔ አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ከመሞቱ አሥር ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1903፣ ዩዊንግና ሃምፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የሚደክም ብረት በማይክሮስኮፕ አዩ። ብረት አንድ ወጥ አይደለም። እንደ ቆሎ በተጠጋጉ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ጭነቱ ሲደጋገም በአንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮች ይወጣሉ፣ እየበዙ ይሄዳሉ፣ ከእነሱ ስንጥቅ ይወለዳል። ክሪስታል ሆነ የሚለው አሮጌ ወሬ በዚህ ተቀበረ፤ ብረት መጀመሪያውኑ ክሪስታል ነበር። ትምህርቱ ግን በሁሉም ቦታ አልደረሰም። በ1954 ኮሜት የተባሉት ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በጥር እና በሚያዝያ ተከታትለው ባሕር ላይ ተበታተኑ። የአንዱን እኅት አውሮፕላን በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን እየጨመሩና እየቀነሱ ሲፈትኑት ገላው ከቀዳዳ ጥግ ተሰነጠቀ። ጥግ፣ ድግግሞሽ፣ ስንጥቅ። ቮለር ይህን ካተመ ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ላሜራ እንመለስ። ቲታኒየም በ1791 ተገኝቶ በ1795 በርሊን ውስጥ ክላፕሮት ስም ቢያወጣለትም፣ ንጹሕ ብረት ሆኖ ከማዕድኑ በብዛት መውጣት የጀመረው ሉክሰምበርጋዊው ክሮል በ1930ዎቹ መላ ካበጀለት በኋላ ነው። ቮለር በማሽኑ ላይ ሊያስረው አይችልም ነበር። (እኛም አገር አለ፤ ወለጋ ቢቂላል የሚባለው ቦታ ቲታኒየም ያዘለ የብረት ማዕድን መኖሩ ተጠንቷል።) ክብደቱ ከብረት ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል፣ አይዝግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። የሰው መንጋጋ ውስጥ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚተከለውም ብሎን እሱ ነው፤ ጥርስ ደግሞ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደሚገጥም አስቡት።

ቅንጣቱን ማድቀቅ የሚሉት እንዲህ ነው። ሁለት ላሜራ ይደራረብና በከባድ ሮለሮች መካከል የአንዱን ውፍረት እስኪይዝ ይዳመጣል። ለሁለት ይቆረጣል፣ ይደራረባል፣ እንደገና ይዳመጣል። ስድስት ጊዜ ሲደገም ላሜራው 64 ድርብ ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን የመጀመሪያው ነው። ይህን በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጡት ጃፓኖች ናቸው። ለዘንግ የሚሆን፣ ብረቱን በታጠፈ ቱቦ ውስጥ የሚገፉበት ሌላ ዘዴ በ1970ዎቹ ሚንስክ ውስጥ ተጀምሯል። ሲነግረኝ ትዝ ያለኝ በአንኮበር በኩል ማረሻና ቢላ የሚቀጠቅጡት ባለሙያዎች ናቸው። እያጋለ፣ እያጠፈ፣ እየደበደበ ብረት የሚያጠነክር ሰው፣ ሥራው እየተፈለገ ጠይብ ተብሎ ሲገለል ኖረ። ይሄ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በዚህ መንገድ የቲታኒየም ቅንጣት ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በታች ይደቃል። ቅንጣቱ ሲደቅ ወሰኑ ይበዛል፤ በብረቱ ውስጥ የሚንሸራተተው ነገር በየወሰኑ ይቆማልና ብረቱ ይጠነክራል። ስለዚህ ጭነቱ መለስተኛ፣ ድግግሞሹ ብዙ በሆነበት ቦታ ደቃቁ ላሜራ ከተለመደው የበለጠ ይሸከማል፤ ስንጥቅ በቀላሉ አይጀምረውም። ሆኖም በእያንዳንዱ ዙር አብዝተው ከለጠጡት የመለጠጥ አቅሙን ቀድሞ ስለጨረሰ ቶሎ ሊበጠስ ይችላል። ስንጥቅ አንዴ ከገባ ደግሞ ትልልቅ ቅንጣት ያለው ብረት ውስጥ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ይንገዳገዳል፤ ደቃቁ ውስጥ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ላሜራው ፊት ላይ ያለች ጭረት የምትፈራው። ጓደኛዬ የሴሚናሩን ግማሽ ጊዜ ያጠፋው ናሙናውን ስለማለስለስ ሲያወራ ነበር፤ ያኔ አሰልችቶኝ ነበር።

የአጎቴን ብረት ፎቶ አሳየሁት። ስልኩን ይዞ ብዙ ቆየ። ልሙጡ ክፍል ስንጥቁ ቀስ በቀስ የሄደበት ነው፤ መስመሮቹ እየቆመ እየቀጠለ የሄደባቸው ደረጃዎች ናቸው፤ ሁለቱ ፊቶች እየተጋጩ ስለተፋተጉ ለሰሱ። ሻካራው በመጨረሻዋ ቅጽበት የተቆረጠው ነው። ሻካራው አነስተኛ መሆኑ የሚናገረው ነገር አለ። ብረቱ ሩቡ ብቻ ቀርቶት እንኳ ጭነቱን ተሸክሞ ነበር ማለት ነው፤ የዚያን ቀን የነበረው ጭነት ከባድ ቢሆን ኖሮ ገና ብዙ ሳይሰነጠቅ ይቆረጥ ነበር። በትክክል ለመናገር ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ደግሞም የተሳቢ አክስል እንደ ባቡሩ አይዞርም፣ በየጉድጓዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል እንጂ፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ አትውሰድ አለኝ።

ለፋሲካ ወደ ቤት ስሄድ ጽሑፉን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ከሰል አጠገብ ቁጭ ብለው አነበብኩላቸው። ስለ ሹፌሩ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። የስብራቱን ፊት ትርጉም ስነግራቸው ብረቱን ከበሩ አስነስተው ጭናቸው ላይ አደረጉትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ቀን አልደረብኩም ማለታቸው እውነት ነበር። እኔም የጨረስኩ መስሎኝ ልነሳ ስል ሠንጠረዡን መልሼ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። 160፣ 130፣ 110፣ 90፣ 80። ቁጥር ይገባቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን በኩንታል ሲያስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ስንጥቁ መቼ እንደጀመረ ይታወቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይታወቅም አልኳቸው። ይታወቃል አሉኝ። እሳቸው በደረቡባቸው ዓመታት ነው። ባለንብረቱ በራሱ ወረቀት ላይ ከልክ በላይ ይጭን እንደነበረ ላስታውሳቸው ሞከርኩ፤ ሰሙኝ ግን አልመለሱልኝም።

በማግስቱ ብረቱን በማዳበሪያ ጠቅልለው ደብረ ሲና አብረን ወረድን። የቀድሞው ረዳታቸው ሱቅ ነገር ይዟል። ሲያየን አልተነሳም፤ እግሩም እንደልብ አያስነሳውም። አጎቴ ብረቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና እንድናገር ወደ እኔ አዩ። የቻልኩትን ያህል ተናገርኩ። አጎቴ ደግሞ የጎደለውን፣ ስለ ቀደሙት ዓመታት ያለውን፣ ራሳቸው ጨመሩበት። ረዳቱ ብረቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ልሙጡ ላይ አውራ ጣቱን ደጋግሞ አሸ። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ያንኑ ጎማ አውርዶ ግራሶ የቀባው እሱ እንደነበረ ያን ዕለት ነው የነገረን። ኩሽኔታው ሸፍኖት ስንጥቁ አይታይም ነበር ብዬ ልመልስለት ጀመርኩ፤ አጎቴ ቀደሙኝና እሳቸውም ቢሆኑ እንደማያዩት ነገሩት። ከዚያ ሁለት በርጩማ ከውስጥ አስወጣልንና 80 ኩንታል ላይ ስንት ዙር እንደቆየ እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ።